የእትዬ አይሪስና የጓሯችን ፍልፈል

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ? እኔ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የዶርም ጓደኞቼ ከየቤታቸው የሚያመጡት ወሬ ቁም ነገር ያለው ነው፤ የአንዷን መንደር ድልድይ ጎርፍ ወስዶታል፣ የሌላዋ አጎት ሁለተኛ ሚስት እንዳለችው ገና አሁን ተደርሶበታል። የእኔ ወሬ ግን አንድ የአበባ ሥር በአፈር ይሸፈን ወይስ አይሸፈን የሚል ነው። በዚህ ጥያቄ ምክንያት ቤታችን ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሰላም አጥቶ ነበር። ልጽፈው ስጀምር አፍራለሁ፤ ስተወው ደግሞ አባቴ የጮኸበት ጠዋት ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። አንባቢ ካልወደደው ጥፋቱ የእኔ እንጂ የአበባው አይደለም።

እኔ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የክፍሌ ልጆች አገር አቋርጠው ሲመጡ እኔ የተመደብኩት ከቤታችን በባጃጅ በሚደረስበት ግቢ ነው። ምደባው የወጣ ቀን እናቴ እልል ስትል እኔ አዲሱን ሻንጣዬን እያየሁ ተክዤ ነበር። ዶርም ገባሁ፣ ግን ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤት እመጣለሁ፤ እሑድ ማታ እመለሳለሁ። ገና ዲፓርትመንት አልመረጥንም። ይህን ለእናቴ ብዙ ጊዜ አስረድቻታለሁ፤ እሷ ግን የገባሁት ሁሉን ወደሚያስተምሩበት ቦታ ነው ብላ ታምናለች፤ ሬዲዮ ሲበላሽም ሆነ ላም ስትታመም መጀመሪያ የምትጠይቀው እኔን ነው።

ከአጥራችን ማዶ ጡረታ የወጡ ነርስ ይኖሩ ነበር። እኔም እናቴም እትዬ ነው የምንላቸው። በግቢያቸው በር አጠገብ፣ ፀሐይ በሚያነደው ድንጋያማ መደብ ላይ፣ አይሪስ የሚባል አበባ ነበራቸው። ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አበባው ነጭ ነው፤ ሦስቱ ቅጠሎቹ ወደ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ሦስቱ ወደ ታች ይንጠለጠላሉ፣ በተንጠለጠሉት ላይ ቢጫ ጢም አለ። ጢም ያሉት እትዬ ናቸው። እናቴ ይህን የሰማች ቀን «ጢም ካለውማ ይቀድስ እንጂ እዚህ ምን ያደርጋል?» ብላ ነበር።

አበባውን የተከሉት የእትዬ ባለቤት ናቸው። እሳቸው ካረፉ በኋላ እትዬ በየዓመቱ መጋቢት ላይ፣ በሙት ዓመታቸው ቀን፣ ከዚያ አበባ ይቆርጡና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው መቃብሩ ላይ ያስቀምጣሉ። ሌላ አበባ አስቀምጠው አያውቁም። አንድ ዓመት አንዲት ዘመድ ጽጌረዳ ይዛ ብትመጣ ተቀብለው አመስግነው ለቤታቸው ጠረጴዛ አደረጉት።

ባለፈው ጥቅምት እትዬ ጉልበታቸውን አመማቸውና ልጃቸው ወደ ሐዋሳ ልትወስዳቸው መጣች። ቤቱ ተሸጠ። የገዛው ሰው ግቢውን ሙሉ ሊገነባበት ነበርና አበባው መነቀል ነበረበት። ልጃቸው የምትኖረው ፎቅ ላይ ስለሆነ የሚተከልበት መሬት የለም። እትዬ የተነቀለውን ሥር በፌስታል ይዘው፣ ጉልበታቸውን እየያዙ፣ እኛ ቤት መጡ። ሥሩ ዝንጅብል ይመስላል፤ ወፍራም፣ ቋጠሮ ቋጠሮ ያለው፣ ብዙ ቁራጭ።

«ሌላ የለኝም። ያለው ይኼ ብቻ ነው» አሉ ለእናቴ። «መጋቢት ላይ ለሙት ዓመቱ እመጣለሁ። አንድ እንኳን ቢያብብልኝ ይበቃኛል።»

«እትዬ፣ በእኔ እጅ የሞተ ተክል የለም» አለች እናቴ። እውነቷን ነበር። የጓሯችንን እንሰት ያየ ሁሉ የሚመሰክርላት ነው።

«እሱን አውቃለሁ። ግን ይኼ እንደ እንሰት አይደለም። ጀርባው ከአፈር ውጪ ይሁን። ውሃ ዳር ፀሐይ የሚሞቅ አዞ አይተሽ ታውቂያለሽ? ልክ እንደሱ። ታቹ አፈር ውስጥ፣ ጀርባው ፀሐይ ላይ። እበት አይወድም።»

እናቴ በትሕትና ራሷን ነቀነቀች። እኔም ነቀነቅኩ። አባቴም ከበረንዳው ላይ ነቀነቀ። እትዬ አገላብጠው ስመውን ሄዱ። ሐዋሳ የሚሄደው መኪና መናኸሪያውን ሳይለቅ እናቴ ዶማ ይዛ ጓሮ ገባች።

እናቴን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። እኛ ጋ ተክል የሚያድገው በእበት ነው። እናቴ ከልጅነቷ ጀምራ፣ በበዴሳ ባለው የወላጆቿ ቤት፣ በየጠዋቱ የላሞቹን እበት እያወጣች በእንሰቱ ሥር ስታደርግ ነው ያደገችው። ሶዶ ከተማ ከገባችም በኋላ አንዲት ላም አላጣችም። ላሟ ለወተት ናት ትላለች፣ ግን እኔ እንደማየው ላሟን ይበልጥ የምታመሰግናት በሌላው በኩል ለምትሰጠው ነው። እንሰት ሲተከል ጉድጓዱ ይጠልቃል፣ ሥሩ በደንብ ይቀበራል፣ እበት ይታቀፋል። ለእናቴ ሥርን ውጪ መተው ማለት ሕፃን ሳያለብሱ በር ላይ ማስተኛት ማለት ነው።

«እማዬ፣ እትዬ ጀርባው ውጪ ይሁን ብለዋል እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትቀብሪዋለሽ?»

«በዚህ የዳሞታ ተራራ ብርድ ራቁቱን ይደር? እትዬ ነርስ ናቸው፤ ልብስ አስወልቆ መርፌ መውጋት ለምደው ነው።»

እኔ በዚያ ሰሞን ሎጂክ የሚባል ትምህርት እየተማርኩ ስለነበር ልጠቀምበት ፈለግሁ። «እማዬ፣ ተክሉን የሚያውቀው ለብዙ ዓመት የያዘው ሰው ነው። ለብዙ ዓመት የያዙት እትዬ ናቸው። ስለዚህ ተክሉን የሚያውቁት እትዬ ናቸው» አልኳት።

እናቴ ዶማውን አቆመች። «ጓሮውን የሚያውቀው ለብዙ ዓመት የያዘው ሰው ነው» አለች። «ያቺን ባልዲ አቀብይኝ።»

ባልዲውን አቀበልኳት። በውስጡ ያለውን መናገር አያስፈልግም።

ከዚያ ስልኩ ጀመረ። እትዬ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሐዋሳ ይደውላሉ፤ የሚደውሉትም ለእኔ ነው። ጤናችንን ይጠይቃሉ፣ የላሟን ጤና ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጀርባው ፀሐይ ያያል?» ይላሉ። እኔ ታላቅ ሰው መዋሸት አልችልም፤ እናቴንም ማሳጣት አልችልም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ ወደ ጓሮ ሮጥኩ፤ አይቼ ልመልስ ብዬ ነው። ተቀብሮ እንደማገኘው አውቅ ነበር። ግን አልተቀበረም! ሥሩ ጀርባውን ገልጦ፣ ጠራርጎ፣ ልክ እንደ አዞ ፀሐይ እየሞቀ ነበር።

«ያያል እትዬ!» አልኩ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ተባረኪ። እናትሽን ሳሚልኝ።»

እናቴን ልስም ስሄድ ባልዲ ይዛ አገኘኋት። ጓሮ ገባች፤ ከዚያ የጠራችኝ ድምፅ የመሳም አልነበረም።

«አንቺ! ገለጥሽው?»

«አልነካሁትም እማዬ! አሁን ነው ያየሁት።»

አላመነችኝም። መልሳ ቀበረችው። እሑድ ማታ ወደ ዶርም ተመለስኩ። ረቡዕ ዕለት ፈተና ላይ ነበርኩ፤ ስወጣ ስልኬ ላይ የእናቴ ጥሪ ተደርድሯል። ደንግጬ ደወልኩ።

«የት ነሽ?» አለች።

«ግቢ። ፈተና ነበረኝ።»

«ጠዋትስ?»

«እዚሁ ነኝ እማዬ። ምን ሆናችሁ?»

«እንግዲያው አንቺ አይደለሽም» ብላ ዘጋችው። ውጤቴ እንዴት እንደሚሆን አልጠየቀችም፤ እኔ ግን በዚያ ፈተና ከተጠረጠርኩበት ነፃ ወጣሁ።

ቀጥሎ የተጠረጠሩት ዶሮዎች ናቸው። ለአንድ ሳምንት ታሰሩ። ሥሩ መገለጡን አላቆመም። ስለዚህ እናቴ የመጨረሻው መደምደሚያ ላይ ደረሰች፦ ፍልፈል ነው። በእንሰት ጓሮ ከፍልፈል የባሰ ጠላት የለም። ከመሬት በታች ይመጣል፣ ሥር ይበላል፣ ትልቅ የቆመ እንሰት አንድ ጠዋት ዘንበል ብሎ ይገኛል። እናቴ ለእንሰቱም ሰጋች። ለዘመዶቿ ደውላ ከበዴሳ ፍልፈል አጥማጅ አስመጣች።

ሰውየው ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ሞተር ኋላ ወረደ። የእናቴ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ወንድሜ ትለዋለች። ብዙ ፍልፈል እንደያዘ ከሰላምታው ቀጥሎ ነገረን። ጓሮ ገብቶ ተንበረከከ፤ የተገለጠውን ሥር አየ፤ አፈር ቆንጥሮ አሸተተ፤ ተነስቶ ትንሽ ዳሞታን ተመለከተ።

«ወንድ ነው» አለ።

«ወንድ?» አለች እናቴ።

«ወንድ። ዕድሜው የገፋ። ወጣት ቢሆን ሥሩን ይበላው ነበር። ይኼ ጥርስ የለውም መሰለኝ፤ ገለጥ አድርጎ ትቶት ይሄዳል።»

አባቴ በረንዳ ላይ ሻይ ይጠጣ ነበር። ብርጭቆው አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«መቼ ነው የሚወጣው ወንድሜ?»

«በጠዋት። ሰው ሳይነሳ። ሥራውን ይጨርስና ምንም እንዳላደረገ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል።»

«እንዴት ያለ ተንኮለኛ ነው!»

«ተንኮለኛ ነው፤ ግን ፈሪ ነው። ኮቴ ከሰማ ይደበቃል። ሽማግሌ ፍልፈል እንዲህ ነው።»

እናቴ ትንሽ አዘነች መሰለኝ። «ሚስት የለውም?» አለች።

«ብትኖረውም አይግባቡም።»

አባቴን ትን አለው። ጀርባውን የመታሁት እኔ ነኝ።

ሰውየው ቀጭን ዱላ ተክሎ ጫፉን አጎበጠ፣ ሲባጎ አሰረበት፣ ሸምቀቆውን ከሥሩ አጠገብ አፈር አለበሰው። ፍልፈሉ ሲነካው ዱላው ተፈናጥሮ ይይዘዋል አለን። «ሰው አይንካው» ብሎ አስጠነቀቀ፤ ይህን ሲል ግን አባቴ እጁን ሊታጠብ ገብቶ ነበር። ዱላው የት እንደተተከለ ብቻ ነው ያየው፤ ሲባጎው ወዴት እንደሄደ አላየም። ሰውየው ምሳውን በልቶ፣ ፍልፈሉ ሲያዝ እንድንደውልለት ነግሮን በመጣበት ሞተር ተመለሰ።

እሑድ ጠዋት፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ ከጓሮ አንድ ጩኸት ሰማን።

«ተያዘ!» አለች እናቴ ከአልጋዋ ዘልላ። ከወጥ ቤት ዘነዘና ይዛ ወጣች። እኔ ጫማዬን አዟዙሬ አድርጌ ተከተልኳት።

አባቴ ጋቢውን እንደለበሰ ተንበርክኮ ነበር። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ሸምቀቆው ውስጥ ናቸው፤ ዱላው ወደ ላይ ስቧቸው እጁን ያወጣ ተማሪ አስመስሎታል። በግራ እጁ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዟል። የሥሩ ግማሽ አፈሩ ተጠርጎ ያበራል።

እናቴ ዘነዘናውን እንደያዘች ቆመች።

«ፍልፈሉን ልይዝልሽ ብዬ ነው» አለ አባቴ በመጨረሻ።

«በጥርስ ብሩሽ?»

አባቴ ብሩሹን በጋቢው ሥር ሸጎጠው።

«አንተ ሰውዬ፣ ፍልፈል ጥርሱን ይቦርሻል?»

እኔ መሳቅ እንደሌለብኝ ስለገባኝ ሲባጎውን መፍታት ጀመርኩ። ጣቶቹ ቀልተው ነበር እንጂ ደህና ናቸው።

ወላጆቼ የሚጣሉት በወላይትኛ ነው፤ ያ ደህና ጠብ ነው፣ ምሳ ሳይደርስ ያልቃል። እናቴ በጣም ስትቆጣ ግን ወደ አማርኛ ትዞራለች፤ ጉዳዩ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። ያን ጠዋት በወላይትኛ ጀመረች፤ በረንዳው ላይ ስንደርስ ዞረች። ይባስ ብላ «እርስዎ» አለችው።

«እርስዎ በምን ሥልጣን ነው በሰው ጓሮ የሚገቡት?»

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ በዞን መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ነው፤ አማርኛው በእንዲህ ያለ ሰዓት አይከዳውም። «ጉዳዩን በውይይት ብንፈታው» አለ ጣቱን እያሸ።

«ለምን በግልጽ አልተናገሩም?»

አባቴ ወደ ወላይትኛ ተመለሰ፤ ድምፁም ተለወጠ። ከእትዬ ባለቤት ጋር ስንት ዓመት አብረው እንደሠሩ ነገራት፤ እሷም ታውቃለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ በር አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ይጫወቱ እንደነበር፣ ሟቹ እያወራ የአይሪሱን ጀርባ በብሩሽ ያጸዳ እንደነበር፣ ያ እጅ ዓይኑ ላይ እንደቀረ ነገራት። «መጋቢት ላይ መቃብሩ ባዶ ሲሆን ማየት አልፈልግም» አለ። «አንቺን ደግሞ በጓሮ ነገር ተናግሬሽ አላውቅም። ምን ብዬ ልጀምር?»

እናቴ ዘነዘናውን አስቀመጠች። ግን እሷም የምትፈራው ያንኑ ነበር። «ራቁቱን ሆኖ ቢደርቅስ?» አለች። «ለእትዬ ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ አንተ አይደለህም።» ሁለቱም አበባው እንዲያብብ ይፈልጋሉ፤ የተጣሉትም ስለዚሁ ነው። እኔን ደግሞ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ፍረጂ» አሉኝ። ብዙ ካሰብኩ በኋላ መደቡን በሲባጎ ለሁለት እንድንከፍለው ሐሳብ አቀረብኩ፤ በአንዱ በኩል እናቴ እንዳመነችበት፣ በሌላው በኩል አባቴ እንዳመነበት። አንዳቸው የሌላውን እንዳይነኩ። ሁለቱንም እኩል ቅር ስላላቸው ትክክለኛ ፍርድ መሰለኝ። አጥማጁ ሲደውል እናቴ «ተይዟል፤ አባረርነው» አለችው፣ አባቴን እያየች።

በጋው ገባ። ጓሯችን ድንበር ያላቸው ሁለት አገሮች ሆነ። እናቴ በየጠዋቱ ባልዲዋን ይዛ ወደ ግራ ትሄዳለች፣ አባቴ ብሩሹን ይዞ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ሲባጎው ላይ ሲገናኙ «እንደምን አደርክ»፣ «እንደምን አደርሽ» ይባባላሉ። በእናቴ በኩል ቅጠሉ ወጣ፤ እንዴት ያለ ቅጠል! ለምለም፣ ሰፊ፣ ወገቤ ጋ የሚደርስ። የጎረቤት ሴቶች እየመጡ አደነቁላት። በአባቴ በኩል ያለው አጭርና ጠንካራ ነበር፤ ጫፉም ትንሽ ደርቋል። እናቴ በዚያ በኩል ስታልፍ ምንም ሳትናገር ከንፈሯን ትመጥጣለች፤ ይህ ከንግግር በላይ አባቴን ያበሳጨው ነበር።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ለእትዬ እመልሳለሁ። «ጀርባው ፀሐይ ያያል?»

«ግማሹ ያያል እትዬ።»

«ግማሹ? ሌላውስ?»

«ሌላው ጥላ ይወዳል ብላ እማዬ… እየሞከረችው ነው።»

«በተነቀለበት ዓመት ያኮርፋል» ይላሉ እትዬ። «ላያብብ ይችላል። አትጨነቁ።» አትጨነቁ ሲሉ ግን ከእኛ ይልቅ የሚጨነቁት እሳቸው እንደሆኑ በድምፃቸው ይታወቃል።

የካቲት ተጋመሰ፤ በሁለቱም በኩል ምንም የአበባ ምልክት የለም። አንድ ቅዳሜ እናቴ ቅጠሏን ስትነካው ዘንበል አለና በእጇ ቀረ። ተንበርክካ አፈሩን ገለጠች። በዚህ ሁሉ ጊዜ በራሷ እጅ ስትገልጠው ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ሥሩን በጣቷ ጫን አለችው፤ ጣቷ ገባ። ሽታው እኔ የቆምኩበት ድረስ መጣ። ሌላውን ሞከረች፤ እሱም እንደዚያው። በእሷ በኩል ያለው ሁሉ በስብሶ ነበር።

እናቴ በቀሚሷ ጫፍ ጣቷን ጠረገች። «ለእትዬ ምን እላቸዋለሁ?» አለች። «የተከልኩት ሁሉ በልቶ አይጠግብም ብዬ ነው እኮ ያበላሁት።»

«የአባዬ ወገን አለ እማዬ።»

«እሱም ባያብብስ?»

አባቴ ከበረንዳው ሁሉንም አይቷል። እፎይ ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለም። ወርዶ የበሰበሰውን አብሯት ለቀመ፤ ጉድጓዱንም ደፈነላት። ሁለቱም በወላይትኛ ነበር የሚያወሩት።

መጋቢት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጥቂት ዝናብ ካካፋ በኋላ፣ እናቴ ክፍል ውስጥ እያለሁ ደወለች። መምህሩ ሲያዩኝ አጠፋሁት። እንደገና ደወለች። ሰው የሞተ መስሎኝ አስፈቅጄ ወጣሁ።

«ወጣ!» አለች እናቴ።

«ምኑ?»

«ዘንግ! ከመሃሉ ዘንግ ወጣ! በአባትሽ በኩል!» የተናገረችው የራሷ እንደሆነ አድርጋ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲባጎውን እንደ ድንበር የሚቆጥር አልነበረም። እናቴ አባቴን አባረረችና ራሷ ጠባቂ ሆነች። ላሟ ወደ ሌላኛው ጥግ ተዛወረች። ዶሮዎቹ፣ ንጹሕነታቸው ከተረጋገጠ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ እንደገና ታሰሩ። ዘንጉ ላይ ሦስት እምቡጦች ነበሩ። እናቴ ለአባቴ እበት ላድርግለት ወይ ብላ አንዴ ብቻ ጠየቀችው፤ አባቴ ዘነዘናውን ሄዶ ሲያነሳ ሳቀችና ተወች።

አዲስ ጭንቀት መጣ። ሙት ዓመቱ እሑድ ነው፤ የመጀመሪያው እምቡጥ ግን ማክሰኞ ፈነዳ። አንድ የአይሪስ አበባ የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው። እናቴ ፀሐይ ቶሎ እንዳያፈነዳቸው በማለት ጃንጥላዋን አምጥታ በላዩ ላይ ተከለች። ስለዚህ ለአምስት ወር «ፀሐይ ይየው» ሲል የኖረው አባቴ አሁን «ፀሐይ ከልክይው» እያለ ጃንጥላውን ያቃናላት ነበር። ሐሙስ ሁለተኛው ፈነዳ። ዓርብ ማታ ስደርስ የመጀመሪያው ተጨማዶ ነበር። ቅዳሜ የሁለተኛው ጢሙ ረገበ። የቀረው አንድ እምቡጥ ነው፤ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ተጨብጦ።

እሑድ ጠዋት ስንነሳ ከፈት ብሎ ነበር።

እትዬ ከልጃቸው ጋር በጠዋት ደረሱ። በከዘራ ነው የሚሄዱት። ከሰላምታ በፊት ጓሮ ገቡ። ጃንጥላውን አዩ፣ ሲባጎውን አዩ፣ የተደፈነውን ባዶ መሬት አዩ። ከዚያ አበባውን አዩ። ብዙ ቆዩ።

«ይኼ ገመድ ምንድን ነው?» አሉ ዘወር ብለው።

አባቴ ጫማውን ተመለከተ። እኔ ለመዋሸትም ላለመዋሸትም ተዘጋጅቼ አልነበርኩም። እናቴ ግን አንገቷን ቀና አደረገች።

«ድንበር ነው እትዬ። በዚህ በኩል ያለውን እኔ ገደልኩት። ቀብሬ፣ እበት አብልቼ። ይኼን ያቆየው ባለቤቴ ነው፤ ከእኔ እየተደበቀ።» ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ዶሮዎቹን፣ አጥማጁን፣ ሸምቀቆውን፣ የጥርስ ብሩሹን። ምንም አላስቀረችም። አባቴ ጣቱን እንዲያሳይ ሲታዘዝ አሳየ።

መጀመሪያ የእትዬ ከዘራ ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር። ሳቃቸው እየበረታ ሄዶ ወንበር ማምጣት ነበረብኝ።

«እሱም ቀብሮት ነበር እኮ!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ባለቤቴ! መጀመሪያ ያመጣው ጊዜ ክንድ ሙሉ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። እበቱንስ ከየት ያመጣ ይመስልሻል? ከአንቺ ላም! ሁለት ዓመት ቅጠል ብቻ! ቀባሪው እያልኩ ነበር የምጠራው። በኋላ እኔ ነኝ በድብቅ የገለጥኩት።»

«በጥርስ ብሩሽ?» አለ አባቴ።

«በማንኪያ» አሉ እትዬ። «ብሩሹ የእሱ ሐሳብ ነው፤ ካበበለት በኋላ ከመጀመሪያው የሚያውቅ መሰለ።»

ጾም ስለነበር ሽሮ በቆጮ ቀማምሰን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እትዬ አበባውን ከዘንጉ ጋር ራሳቸው ቆረጡት። ባጃጁ ውስጥ እሳቸውና ልጃቸው፣ በመሃላቸው እናቴ ተጣበቀች፤ አበባውን የያዘችው እሷ ናት፤ እሳቸው «አንቺ ያዢልኝ» ስላሏት። እኔና አባቴ በሌላ ባጃጅ ተከተልን። መቃብሩ ላይ ውሃ ባለው የላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አቆሙት። ነፋስ እንዳይጥለው እናቴ በዙሪያው ድንጋይ ደረደረች፤ አንድ ድንጋይ ስታነሳ፣ አንድ ስትጨምር፣ ጸሎቱ እስኪያልቅ አላረፈችም። አባቴ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። እትዬ ጠጋ ብለው ድንጋዩን እያዩ «ባዶ አልሆነም» ሲሉት ሰማሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ልብሷን ሳትቀይር ጓሮ ገባች። ሲባጎውን ፈታችው። በቀረው ሥር አጠገብ ተቀመጠች፤ የጎኑ አዲስ ቡቃያ ላይ ዝናቡ አፈር ረጭቶበት ነበር። ከአባቴ ብሩሹን ተቀብላ ቀስ ብላ ጠረገችው። እጇ ግን ልማዱን ይዞ ጠርጋ ስትጨርስ አንድ እፍኝ አፈር ዘገነች። አባቴም እኔም እትዬም ከበረንዳው ላይ ትንፋሻችንን ይዘን እናያታለን። አፈሩን ትንሽ ይዛው ቆየችና ወደ እንሰቱ ወረወረችው።

በቤታችን አይሪስ ማልበስና መግለጥ ያበቃው በዚያ ቀን፣ እሑድ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።